የፈታኙ የተሳሳተ መልስ

በመንግሥት ሥራ ላይ በቆየሁባቸው ዓመታት ሁሉ የቃለ መጠይቅ ጠረጴዛ ሁለት ወገን እንዳለው አውቅ ነበር፤ የተቀመጥሁት ግን በአንዱ ወገን ብቻ ነው። ጀርባዬን ለመስኮቱ ሰጥቼ፣ ፊቴን ወደ በሩ አድርጌ፣ የሚገባውን ተወዳዳሪ ከአረማመዱ ጀምሬ እመዝን ነበር። ወደ ሌላው ወገን የተሻገርሁት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው፤ የጎረቤቴ የወይዘሮ ደመቀች ልጅ ሌንሴ አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ሮቤ ወዳለው ቤቴ መጥታ፣ በስልኳ ያነሣችውን የማስታወቂያ ፎቶግራፍ ባሳየችኝ ዕለት።

ማስታወቂያው ለአንደኛ ደረጃ መምህርነት የጽሑፍ ፈተና ያለፉ ተወዳዳሪዎች በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ጎባ ለናሙና ትምህርትና ለቃለ መጠይቅ እንዲቀርቡ ያዝዛል። የሌንሴ ስም አራተኛው ረድፍ ላይ ነበር።

«ሦስተኛዬ ነው ጋሼ» አለችኝ። «ሁለቱንም ጊዜ ጽሑፉን አልፌ እዚያ ክፍል ውስጥ ነው የወደቅኩት። ለምን እንደሆነ የሚነግረኝ የለም። ‹ናሙና ትምህርት ላይ ነጥብ አነሰሽ› ብቻ።»

«ይህኛውስ ባይሳካ?»

«ሻሸመኔ፣ ወንድሜ ሱቅ። እማዬ ሻንጣ ሁሉ ገዝታለች።»

ፈገግ ብላ ነው የተናገረችው። ይህች ልጅ ገና ስድስተኛ ክፍል ሳለች የሰፈሩን ሕፃናት በግቢያችን አጥር ላይ በከሰል ፊደል ስታስቆጥር አይቻታለሁ። አጥሩን ያጠብሁት እኔ ስለሆንሁ አልረሳውም። ዘጠኝ ቀን ነበረን።

ስለ ራሴ ጥቂት ልበል። ሥራ የጀመርሁት ከዲንሾ ወጣ ብሎ በሚገኝ ሁለት ክፍል ብቻ በነበረው ትምህርት ቤት በመምህርነት ነው። ቀጥሎ ጎባ በሱፐርቫይዘርነት፣ በመጨረሻም በትምህርት ጽሕፈት ቤት የመምህራን ምልመላ ባለሙያና የኮሚቴ ሰብሳቢ ሆኜ አገልግያለሁ። ደመወዙ የታወቀ ነው፤ ወረቀቱም ብዙ ነበር። ከዚያ ሁሉ ዛሬ የሚታወሰኝ ወረቀቱ አይደለም፤ በር ከፍተው የገቡት ሰዎች ናቸው።

ረቡዕ ጠዋት ሳሎናችንን ክፍል አደረግነው። ሰሌዳ ስላልነበረን የቁምሳጥኑን በር ተጠቀምን። የሁለተኛ ክፍል ሒሳብ፣ መበደር ያለበት መቀነስ እንድታስተምር ሰጠኋት። ትምህርቱ የሚሰጠው በአፋን ኦሮሞ ነው፤ እዚህ ግን በአማርኛ አሰፍረዋለሁ። እኔ ተማሪ ሆንሁ፤ ባለቤቴ አልማዝም ምስሯን እየለቀመች ከጎኔ ተቀመጠች።

ሌንሴ ጥሩ አድርጋ ጀመረች። ድምፅዋ ይሰማል፣ ጽሕፈቷ ቀጥ ያለ ነው፣ ስትጽፍም ሰሌዳውን በሰውነቷ አትጋርድም። አርባ ሁለት ሲቀነስ አሥራ ሰባት ብላ ጻፈችና ወደ እኔ ዞረች።

«ሠላሳ አምስት» አልሁ።

ይህ በዘፈቀደ የተሰጠ መልስ አልነበረም። መበደር ያልገባው ልጅ በአንድ ቤት ውስጥ ሁለትና ሰባት ሲያይ ከትልቁ ትንሹን ይቀንስና አምስት ይላል። በአሥር ቤትም ከአራት አንድ ቀንሶ ሦስት ያገኛል። ሕፃን የሚሳሳተው በራሱ ሥርዓት ነው፤ መምህር ያንን ሥርዓት ማየት አለበት።

ሌንሴ አየችኝ። ጉንጯ ቀላ። «በጣም ጥሩ!» አለችና ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈች።

እርሳሴን አስቀመጥሁ። «ሠላሳ አምስት ልክ ነው?»

«አይደለም። ሃያ አምስት ነው።»

«ታዲያ ለምን በጣም ጥሩ አልሽ?»

«እርስዎን ተሳስተዋል ልበል?»

«እኔ አሁን የሰባት ዓመት ልጅ ነኝ።»

አልማዝ ከምስሯ ቀና አለች። «የሰባት ዓመት ልጅ ሽበት አለው እንዴ? በይ እኔን ጠይቂኝ።» ሌንሴ ጠየቀቻት፤ አልማዝም ሆን ብላ ተሳሳተች። ልጅቱ እየሳቀች፣ ጣቷን እያስቆጠረች፣ አምስት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ አስተካከለቻት። ወደ እኔ ስትመለስ ግን አንገቷ ሰበር አለ፤ «ቶሌ፣ እሺ» ብላ አለፈችኝ።

«ኃይሉ» አለችኝ አልማዝ፣ «በትዳራችን ሙሉ ተሳስተሃል ስልህ አንድ ቀን እንኳ አልተቀበልከኝም። ዛሬ ይህችን ልጅ ተሳስተሃል በይኝ ብለህ ታስጨንቃታለህ?»

ሳቅን። የእኔ ሳቅ ግን ቶሎ ቆመ፤ ሌንሴ ሁለት ጊዜ ለምን እንደወደቀች ገብቶኝ ነበር። ከዚህም በላይ፣ ፈታኙ ሆን ብሎ የሚሳሳትበት ያ ወጥመድ በኮሚቴዎቹ ዘንድ እንዲለመድ ካደረጉት ሰዎች አንዱ እኔ ነበርሁ።

ልማዱን የተማርሁት ጎባ ሳለሁ ካሠለጠኑኝ ከአቶ በዳዳ ነው። አቶ በዳዳ ለናሙና ትምህርት ከሁሉም ቀድመው ይገቡ ነበር። አዲስ ጠመኔ ሰሌዳ ላይ ስለሚጮህ እያንዳንዱን ለሁለት ይሰብሩታል። ከዚያ ወንበራቸውን ትተው በሕፃናቱ አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ፤ ረጅም ሰው ስለነበሩ ጉልበታቸው አገጫቸውን ሊነካ ይደርሳል። ለእያንዳንዱ ተወዳዳሪ አንድ ጊዜ ብቻ ተሳስተው ይመልሳሉ። «ትክክለኛ መልስ ማንም ያስተናግዳል» ይሉኝ ነበር። «እኔ የምፈልገው የተሳሳተው ልጅ ነገም እጁን እንዲያወጣ የሚያደርግ ሰው ነው።» ትምህርቱ ሊጀመር ሲል የእጅ ሰዓታቸውን ፈትተው ኪሳቸው ይከታሉ። ነጥብ የሚሰጡት ተወዳዳሪው ወጥቶ በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው፤ ያውም በእርሳስ።

እርሳቸው ከሄዱ በኋላ ወንበሩ ለእኔ ደረሰ። የተሳሳተውን መልስ ወረስሁ። የሰዓቱንና የእርሳሱን ነገር ግን ቀላል ነገር አድርጌ ተውሁት።

ከሐሙስ እስከ እሑድ በየቀኑ ተለማመድን። ከራቫቴን ፈታሁ፣ ዝቅ ያለ በርጩማ ላይ ተቀመጥሁ፣ ድምፄን አቀጠንሁ። ለሚመጣው ፈተና ኮሚቴው ምን እንደሚያደርግ ግን አልነገርኋትም። ሕፃን እንደሚሳሳት መንገር የፈተና ምሥጢር ማውጣት አይደለም፤ ከዚያ አልፌ አልሄድሁም። እርስዋም ትሞክር ነበር። «ይሄ... ምናልባት... እንደገና ቢያዩት...» ትልና ዓይኔን ስታይ ቃሉ ይቆረጥባታል። ያደገችበት ቤት ታላቅ ሰው ሲናገር ዝም የሚባልበት ቤት ነው። እኔም ያደግሁት እንደዚያው ነው።

ቅዳሜ ዕለት እናቷ በአጥር በኩል ጠሩኝ።

«ጋሽ ኃይሉ፣ አንድ ስልክ ነው የምለምንዎት። ሰብሳቢው እርስዎ ሥራ ያስተማሩት ልጅ አይደል?»

«ነው።»

«እንግዲያው አንድ ቃል። ልጄ ሌላ ሰው አላት?»

«ወይዘሮ ደመቀች፣ በሥራ ላይ ሳለሁ እንዲህ ያለ ስልክ ብዙ ተደውሎልኛል። የደወለውን ሰው ደግሜ በዚያው ዓይን አይቼው አላውቅም።»

«እርስዎ ያኔ ወንበር ላይ ነበሩ» አሉኝ ቀስ ብለው። «የተቀመጠ ሰው እንዲህ ይላል።» ነጠላቸውን አጣፍተው ገቡ። ቃላቸው ግን አጥሩ ላይ ከእኔ ጋር ቀረ።

ሰኞ ሌንሴ ለሰባተኛ ጊዜ «በጣም ጥሩ» ባለችኝ ጊዜ ልምምዱን አቆምሁትና ለማንም ያልተናገርሁትን ነገርኋት።

ሰብሳቢ በሆንሁ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ዘይነባ የምትባል ወጣት አንገቱ ከምትባለው ከተማ ለውድድር መጣች። ብዙ ተወዳዳሪ የነበረበት ቀን ነው፤ ሰዓቴን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጫለሁ፣ ከራቫት አስሬያለሁ። ይኸው የመቀነስ ትምህርት ነበር፤ እኔም ሠላሳ አምስት ብዬ መለስሁ። ዘይነባ ምንም ሳትል ሠላሳ አምስትን ሰሌዳው ላይ ጻፈች። ሌሎቹን የኮሚቴ አባላት ጠየቀች፤ ሃያ አምስት አሉ። ያንንም አጠገቡ ጻፈች። ከዚያ ዳስተሩን አንሥታ ወደ እኔ ዞረችና ቆመች። ሰዓቴን አየሁ። «ጊዜ አልቋል፤ እናመሰግናለን» አልሁ። ገና በሩ ሳይዘጋ በእስክሪብቶ ጻፍሁ፦ የተሳሳተውን መልስ ከትክክለኛው እኩል አስፍራለች፤ የትምህርቱን ይዘት አታውቅም።

ከሁለት ዓመት በኋላ ለትምህርት ቤቶች ጉብኝት አንገቱ ወረድሁ። የሳነቴን ጭጋግ አልፈን፣ በሃረና ጫካ ውስጥ ቁልቁል ወርደን፣ ከአንገቱ ራቅ ወዳለ አንድ ትምህርት ቤት ደረስን። በዚያ ውድድር ተመርጦ የተላከው መምህር ጥቂት ወራት ቆይቶ ሄዷል፤ ወላጆች ከመካከላቸው አንዲት ወጣት መርጠው፣ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ በቆርቆሮ ዳስ ሥር እንድታስተምር አድርገዋል። ስገባ አወቀችኝ። አጎንብሳ ሰላም አለችኝ፣ ወንበርም አስመጣችልኝ፤ ወደ ትምህርቷም ተመለሰች።

አንዲት ትንሽ ልጅ ተነሥታ «ሠላሳ አምስት» አለች። ዘይነባ ጻፈችው። ሌሎቹ ያሉትንም ጻፈች። ቀጥላ «መልሱ እውነት ከሆነ ያጎደልነውን ስንመልስለት ወደ ተነሣንበት ያደርሰናል። እስቲ በአሥራ ሰባት እንሞክረው» አለች። ልጆቹ እየጮሁ ደመሩ፤ ሠላሳ አምስቱ ኃምሳ ሁለት ሆነ። «የተነሣነው ከስንት ነበር?» «ከአርባ ሁለት!» ያኔ ዳስተሩን ለዚያች ለተሳሳተችው ልጅ ሰጠቻት። ልጅቱም በገዛ እጇ መልሷን አጥፍታ፣ እየሳቀች ቦታዋ ተቀመጠች፤ ለሚቀጥለው ጥያቄ መጀመሪያ እጇን ያወጣችው እርስዋ ነበረች።

አቶ በዳዳ ሲፈልጉት የኖሩት ይህን ነበር። እኔ ደግሞ አግኝቼው አባርሬዋለሁ።

በዕረፍት ጊዜ ከዳሱ ውጭ ጠየቅኋት። «ያን ዕለት ይህንኑ ልታደርጊ ነበር?»

«አዎ። ዳስተሩን ለእርስዎ ልሰጥ ነበር።»

«ለምን አልሰጠሽኝም?»

«ወላሂ፣ አባቴን የሚያህሉ ሰው ተነሥተው ያጥፉ ማለት ከበደኝ። ትንሽ ልበረታ ብዬ ቆምኩ። በዚያው መሀል ጊዜ አልቋል አሉኝ።»

ሮቤ ስመለስ ማስታወሻ ጽፌ ለበላይ አቀረብሁ። ቃለ ጉባኤው ተፈርሞ ስለጸደቀ እንደማይከፈት ተነገረኝ። ደንቡ እንዲያ ይላል፤ ደንቡን ካረቀቁት አንዱም እኔ ነበርሁ። ዘይነባ ዳግመኛ ለውድድር አልቀረበችም።

ይህን ስጨርስ ሌንሴ «ይቅርታ ጠየቋት?» አለችኝ።

«ነገርሁሽ እኮ፣ ቃለ ጉባኤው ተፈርሞ...»

«እሱን አልጠየቅኩዎትም ጋሼ።»

አልጠየቅኋትም ነበር። ያን ዕለት ለጉብኝቱ የያዝነው መኪና ጥሩምባውን ሲነፋ «በርቺ» ብያት ሄጃለሁ።

ማክሰኞ ትንሽ ተሻለች። ረቡዕ፣ የፈተናው ዋዜማ፣ የመጨረሻውን ልምምድ አደረግን፤ እንደገና ተሸበረች። ጠመኔው ከእጇ ወደቀ፣ ስታነሣው ትምህርቱን ከየት እንዳቆመች ጠፋት። ለነገ ትንሽ ዕረፊ ብዬ ሸኘኋት። ከአጥሩ ማዶ የእናቷን ድምፅ ሰማሁ፦ «ይህም ካልሆነ መኪና ትይዣለሽ እንግዲህ፤ ወንድምሽ ይጠብቅሻል።»

በረንዳው ላይ ተቀምጬ ስልኬን አወጣሁ። የማስበው እንዲህ ነበር፦ ያድሉላት አልልም፤ ጥቂት ታግሠው እንዲጠብቋት ብቻ። ዘይነባን ያልጠበቅኋት እኔ ነኝ፤ ሌንሴን ሌላ ሰው እንዲጠብቃት ብጠይቅ ምኑ ነውር ነው? በሥራ ዘመኔ የሰማኋቸው ስልኮች ሁሉ እንዲህ ባለ ያማረ ምክንያት ይጀምሩ እንደነበር በዚያች ሰዓት ረስቼው ነበር። የሰብሳቢውን የግርማን ቁጥር ነካሁት። መጥራት ጀመረ።

«ጋሼ፣ የትምህርት ዕቅዴን ረሳሁት» ብላ ሌንሴ በአጥሩ በር ገባች። ፊቴን አየችና ቆመች። «ለማን ነው የሚደውሉት?»

«ለአንድ ወዳጄ።»

«ለነገው ሰብሳቢ ነው?»

ስልኩ ይጠራል።

«ይዝጉት።»

«ሌንሴ፣ እኔ የምነግረው...»

«ጋሼ፣ ተሳስተዋል» አለችኝ። ዓይኗ ከዓይኔ አልወረደም። «እኔ እንደዚህ ከገባሁ ልጆቹ ፊት በምን አፌ እቆማለሁ? ይዝጉት።»

«ሄሎ! ጋሼ!» አለ ግርማ ከስልኩ ውስጥ፣ በደስታ። «አካም፣ ደህና ነዎት? ምን ልታዘዝ?»

ሌንሴን አየኋት። ከቆመችበት አልተነቃነቀችም።

«ምንም ግርማ» አልሁት። «ድምፅህን ከሰማሁ ቆይቻለሁ ብዬ ነው። ቤተሰብ ሰላም?» ሁለት ሦስት ቃል ተነጋግረን ዘጋሁ።

ያኔ ሌንሴ አፏን በእጇ ያዘች። «ይቅርታ ጋሼ፣ እኔ እኮ...»

«ቃልሽን እንዳትመልሺው» አልኋት። «የተናገርሽው ልክ ነው። ዕቅድሽ ጠረጴዛው ላይ አለ፤ ይዘሽ ሂጂ።»

ሐሙስ ከእርስዋ ጋር ጎባ ልሄድ አስቤ ነበር፤ እንዳልመጣ ለመነችኝ። እዚያ የማያውቅዎት የለም አለችኝ። ልክ ነበረች። ጠዋት በሚኒባስ ሄደች። እኔ ቤት ውስጥ መቀመጥ አቅቶኝ ገበያ ወጣሁ፤ ምን ልገዛ እንደወጣሁ ጠፍቶኝ ባዶ እጄን ተመለስሁ። አልማዝ ምሳ አቀረበች፤ ሁለታችንም አልበላንም። ዘጠኝ ሰዓት ሲያልፍ የባጃጅ ድምፅ ከደጅ ቆመ።

ሌንሴ ገብታ ውኃ ጠየቀች። ጠጥታ ጨረሰች። እኔም አልማዝም ቆመናል።

«ሰብሳቢው ተሳሳቱ» አለች። «ስልሳ ሦስት ሲቀነስ ሃያ ስምንት፣ አርባ አምስት አሉ።»

«አንቺስ?»

«እንዴት እንዳገኙት ያሳዩኝ አልኳቸው። ከስምንት ሦስት፣ ከስድስት ሁለት ብለው አሳዩኝ። እሺ፣ ሃያ ስምንቱን መልሰው ይደምሩበት፣ ስልሳ ሦስት ካልመጣ አንድ ነገር ረስተናል ማለት ነው አልኳቸው። ዝም አሉ። እኔም ዝም አልኩ።»

«ምን ያህል?»

«አላውቅም፤ ብዙ። አንዱ ሰውዬ ሰዓታቸውን አዩ። ጠመኔውን ከኋላዬ ያዝኩት። ግን አላለፍኳቸውም ጋሼ። በኋላ ደመሩ። ‹ሰባ ሦስት መጣብኝ፣ ምን ልሁን?› አሉኝ። ከዚያማ ማስተማር ጀመርኩ።»

አልማዝ ተቀመጠች። እኔ አልተቀመጥሁም። «ቃለ መጠይቁስ?»

«መጨረሻ ላይ ማን አዘጋጀሽ አሉኝ። አንድ ጡረተኛ ጎረቤት ተማሪ ሆኖልኝ ነበር አልኩ። ስሙ ማን ይባላል ሲሉኝ፣ ‹ውጤቱ ከተለጠፈ በኋላ እነግርዎታለሁ› አልኳቸው።» ፊቴን አየችኝ። «አጠፋሁ?»

በሥራ ዘመኔ የምስጋና ወረቀት ተቀብያለሁ፤ ሁለቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅለዋል። ስሜ ባለመጠራቱ የኮራሁት ግን ያን ቀን ብቻ ነው።

ውጤቱ እስኪለጠፍ ሌላ ሳምንት አለፈ። ወይዘሮ ደመቀች ሻንጣውን ከበሩ አጠገብ አላነሡትም። የተለጠፈ ቀን ከሌንሴ ጋር ሄድሁ፤ ሆኖም ወደ ጽሕፈት ቤቱ ግቢ አልገባሁም፤ ከመንገዱ ማዶ፣ የፈረስ ጋሪዎች ከሚቆሙበት፣ ጠበቅኋት። ሕዝቡ ሰሌዳውን ከቦታል። ራሷን ብቻ አያለሁ፤ ወደ ፊት ገባች፣ ቆየች፣ ተመልሳ ወጣች። ከፊቷ ምንም ማንበብ አልቻልሁም። መንገዱን ተሻግራ አጠገቤ ደረሰች።

«ምደባ ደርሶኛል» አለችኝ።

«የት?»

የትምህርት ቤቱን ስም ነገረችኝ። በጉብኝት አውቀዋለሁ፤ ከዋናው መንገድ ተገንጥሎ ግማሽ ቀን በእግር ያስኬዳል፣ ክረምት ወንዙ ሲሞላ መንገዱ ይዘጋል፣ የመምህራን ቤት የለውም። ይህን ሁሉ በቅደም ተከተል ማስረዳት ጀመርሁ፤ በየትኛው ወር ምን መያዝ እንዳለባት፣ ለርእሰ መምህሩ ምን ማለት እንዳለባት።

እጄን ያዝ አደረገችኝ።

«ጋላቶማ ጋሼ» ብላ አመሰገነችኝ። «እሱን ለእኔ ይተዉልኝ።»